ከሦስት አረፋ የቀረ ሰው

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የአረፋ ዕለት ነበር። ከሶላት ተመልሰን ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ጸጥ ብሏል። ድንገት ከጎረቤት ብየዳ ቤት የብረት መቁረጫ ጩኸት ተነሳ። አባቴ ታሞ ተኝቷል። ተናድጄ ወጣሁ።

አንድ ወጣት ብቻውን በር ይሠራል።

«ወንድም፣ ዛሬ አረፋ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጎረቤት እንኳ አታፍርም?»

ማሽኑን አጥፍቶ ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ከብየዳው መስሎኝ ነበር...

«ይቅርታ እህቴ። ጸጥታውን ነው ያልቻልኩት» አለኝ።

ኸይሩ ይባላል። በማግስቱ ሥጋ ይዤለት ሄድኩ፤ አፍሬ ነበር። ከዚያ በኋላ በልብስ ስፌት ቤቴ በኩል ሳያልፍ አይውልም። ዝምታው ራሱ ይጣፍጠኝ ጀመር። ወደድኩት።

በዓል ሲደርስ ግን ይጠፋል። በሩን ዘግቶ፣ ስልክ ሳያነሳ ይሰነብታል። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«አገርህ ሰቃ ሚስት አለችህ አይደል?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም።

«እናት ነው ያለችኝ... ፋሂም የሚባል ታላቅ ወንድምም ነበረኝ። የአረፋ ዋዜማ ከአዲስ አበባ ስንመለስ መሪው ላይ እኔ ነበርኩ። ለበዓሉ ለመድረስ ቸኮልኩ። ሰኮሩ አካባቢ መኪናው ተገለበጠ። እኔ ተረፍኩ፣ ሀያት! ከቀብሩ ወዲህ የእናቴን ዓይን አላየሁም።»

እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

«ለዘንድሮ አረፋ ሂድ።»

«አልችልም።»

«ካልሄድክ ለእኔም ሽማግሌ አትላክ።»

«ይህን ያህል ትጨክኛለሽ?»

«ብቻህን ሆነህ እየሞትክብኝ ነው! ማልቀስህ ካልቀረ ከሰዎችህ ጋር አልቅስ።»

ሄደ። ስልኩ ተዘጋ። ሦስት ቀን... ሳምንት። ከሰቃ የመጣ አንድ ቡና ነጋዴ ለአባቴ ሲያወራ ሰማሁ፤ ሽማግሌዎች እንደ ድሮው ልማድ ኸይሩ የወንድሙን ሚስት እንዲያገባ ጠይቀውታል አለ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ገፍቼ የላክሁት እኔው ነኝ!

በአሥረኛው ቀን መጣ። አጠገቡ ጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች። የፋሂም ሚስት መሆኗን ሳይነግሩኝ ገባኝ፤ ሀዋ ትባላለች።

«አንቺ ነሽ ሀያት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ወሬ ደርሶሽ ከሆነ፣ እውነት ነው። እሱም በደሉ የሚታጠብለት መስሎት እሺ ሊል ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ፋሂምን ወድጄ ነው ያገባሁት፤ በጸጸት የሚያገባኝ ሰው አልፈልግም። ልጆቼ ግን አጎታቸውን ይፈልጋሉ። ሦስት አረፋ ቀርቶባቸዋል።»

ኸይሩን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል።

«ስልክህንስ ለምን ዘጋህ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አፈርኩ... ሀያት፣ በሩ ላይ ደርሼ እግሬ አልገባ አለኝ። እናቴ ወጣች። ትናንት የተለያየን ይመስል <ኮቱ... ና ልጄ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ> አለችኝ። ከአንድ ትሪ በላን። ከዚያ ሀዋ የፋሂምን ስም ጠራች። ሁላችንም አለቀስን። የዚያን ዕለት ተኛሁ፤ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ!»

እንባዬ ቀደመኝ።

«አሁን ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሀዋ ናት የመለሰችልኝ።

«ምን ትጠይቃታለህ? ላክ እንጂ!»

ተጋባን። ግን አልዋሻችሁም፤ ሐዘኑ ተጠራርጎ አልሄደም። በዝናባማ ቀን ኸይሩ ድንገት ዝም ይላል። መሪም ዳግም አልጨበጠም። ይሁን እንጂ ኢድም አረፋም ሰቃ ሄዶ ከሰው መሃል ተቀምጦ ሲመለስ ለሳምንታት ፊቱ ይፈታል።

ዘንድሮ ከረመዳን በፊት እናቱ ሞተች። አረፋ ሲቃረብ ልቤ ፈራ። ያንን በር ዳግም ይዘጋዋል ብዬ ዋዜማውን ስብሰለሰል ቆየሁ።

ገና ጎህ ሳይቀድ ትከሻዬን ነቀነቀኝ። ፊቱን ታጥቧል፤ ዓይኖቹ ግን አብጠዋል።

«ሀያት፣ ተነሺ» አለኝ። «ሀዋና ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው። እንሂድላቸው።»