ያልፈላው ውሃ

የጥርስ ሐኪሙ፣ በቅርቡ በገዛት አሮጌ የስፖርት መኪና ውስጥ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ እንዳሳረፈ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ናት። ለፖሊስ የሰጠችው ቃል አጭር ነበር፤ ከሥራ ስትመለስ የጋራዡ በር ክፍት ነው፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ብትነቀንቀው አልነቃም።

ለቀስተኛው ሁሉ «ልቡ ነው» አለ። የአስከሬን ምርመራው ግን የገደለው የመኪና ጭስ ነው ሲል ነገሩ አንዲት ኢንስፔክተር እጅ ገባ።

ኢንስፔክተሯ ከሲታ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። ሳሎን ገብታ ከሚስትየው አጠገብ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናዎት። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ በሰላም ነው ያደርነው» አለች ሚስትየው፤ ዐይኗ ግን ምንጣፉ ላይ ተተከለ።

በሰላም አላደሩም። በዚያ ምሽት እንግዶች ነበሩ። ባሏ ስለ መኪናዋ እንደ ልጅ እየተፍለቀለቀ ሲያወራ፣ እሷ ጣልቃ ገብታ «ባሌ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል፤ ግን ከበር ሳትወጣ ትፈላለች» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ደስ ቢላት ጨመረችበት፤ «ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጡረታ ሲቃረብ ጉርምስና ያምረዋል!» እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ከዚያ ግን እስኪተኛ ድረስ ቃል አልወጣውም። ያ ዝምታ አሁን እንደ እሾህ ይወጋታል።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጋራዡ ስትሄድ ሚስትየው ተከተለቻት። መኪናዋን ሲያይ የነበረው ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ መጥቷል፤ በእጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ያፍተለትላል።

«ምን ነበር ችግሯ?»

«ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ፣ አይዞርም። ገመዱ ከበሰበሰ ዓመታት አልፈውታል፤ መብራቷም በዚያው ምክንያት ይጠፋ ነበር። ስትሄድ ነፋስ ያቀዘቅዛታል። ቆማ ሞተሯ ከሠራ ግን ሲጋራ አጭሰው ሳይጨርሱ ውሃው ይፈላል።» አንገቱን ደፋ። «ልሠራላቸው ቀጠሮ ይዘን ለሌላ ሥራ ብዬ ቀረሁባቸው። በጊዜው መጥቼ ቢሆን…»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰች። ደረቅ ነው፤ የፈሰሰ ውሃ ምልክት የለውም። የራዲያተሩን ክዳን አስከፈተች። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ ባትሪውን ስታይ ቆየች። ዝገት በለበሰው ብሎን ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተፍቆ ያብለጨልጫል።

«ይህን የፋቅኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

ማምሻውን የሟች ታናሽ ወንድም መጣ። መኪናዋን ፈልጎ ያገኘው እሱ ነበር፤ ቤተሰቡ «ሜካኒክ» እያለ በቀልድ ይጠራዋል፤ እሱ ግን ቀልዱን የምሩን ይወስደዋል።

«ከገዛችኋት በኋላ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አይተሃት ታውቃለህ?»

«አላየኋትም። ሥራ በዝቶብኝ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው።»

«ትሞቃለች ይላሉ።»

ሰውየው እንደተሰደበ ሁሉ ፊቱ ቀላ። «ማነው ያለው? ያ ኤሌክትሪሺያን? እሷ መኪና እኮ ቆማ ሞተሯ የፈለገውን ያህል ቢሠራ የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አትልም!»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። መኪናዋን ገፍተው አወጧት፤ ኤሌክትሪሺያኑ ሞተሩን አስነሳ። ቆመው ጠበቁ። የሙቀት መርፌው መሃሉን አለፈ፣ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተትጎለጎለ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ መሬቱን አጠበው። የግቢው በር ክፍት ስለነበር ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል።

«አጥፋው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ። ጭስ የገደለው ሰው ተነስቶ ሞተር አያጠፋም፤ በርም አይከፍትም። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አለ።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «እርስዎ ነዎት።»

ሚስትየው በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «እኔ ነኝ። በሩ ተዘግቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው ያገኘሁት። ሰው ፊት ስላዋረድኩት ራሱን ያጠፋ መሰለኝ። አገር እንዳይሰማ ብዬ…»

«ራሱን አላጠፋም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል፤ ውሃው ግን አልፈላም። ስለዚህ ያን ቀን ቬንትሌተሩ ይዞር ነበር። አንድ ሰው ከባትሪው በቀጥታ ገመድ ስቦለታል፤ ብሎኑን የፋቀው እሱ ነው። ዛሬ ገመዱ የለም። አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ነቅሎታል ማለት ነው። አምቡላንስ ከመድረሱ በፊት ጋራዡ ውስጥ ብቻውን የቀረ ማነው?»

ሚስትየው ቀስ ብላ ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። መጀመሪያ የደወለችው ለእሱ ነበር። ከደረሰ በኋላ እሷ አምቡላንስ ልትጠራ ቤት ስትገባ እሱ ከሬሳው ጋር ቀርቷል።

«ይህች መኪና ቆማ ሳትሞቅ የቀረችው በአንድ ቀን ብቻ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «መርፌዋ ከመሃል እንደማትነቃነቅ የሚያውቅ፣ ያን ቀን አጠገቧ የነበረ ሰው ነው።»

ወንድምየው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያመጣሁለት መኪና መሳቂያ ስታደርገው አላስቻለኝም» አለ። «ሄጄ ገመዱን ቀጠልኩለት። ቬንትሌተሩ ሲዞር አቅፎ ሳመኝ። ‹እስቲ መርፌዋን ቁጭ ብዬ ልያት› አለኝ። የሰፈሩ ሰው በር ላይ ቆሞ ይስቅ ስለነበር በሩን ዘጋሁት። ትንሿ መስኮት ክፍት ናት፣ ትበቃለች ብዬ… ጉንፋን ይዞት ስለነበር እሱም ጭሱ አልሸተተውም። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ጓደኞቼ ጋ ቁጭ ብዬ መኪናዋን እንዴት እንዳዳንኳት ስጎርር ነው የደወልሽልኝ፣ እትዬ።»

ሚስትየው መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ባሏ በእሷ አፍ አልሞተም። ወዲያው ግን በእፎይታዋ አፈረች፤ ሰውየውስ ያው ሞቷል።

«ትከሻህ ላይ ተደፍቼ ‹ገደልኩት› እያልኩ ሳለቅስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«‹ለማንም እንዳትናገሪ› ያልከኝ ለእኔ አስበህ መስሎኝ ነበር።»

ወንድምየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ሚስትየው ጎንበስ ብላ ክንዱን ይዛ አስነሳችው።

«ይቅር ብዬህ አይደለም» አለችው። «እኔም ዋሽቻለሁ። ሄደን ሁለታችንም እውነተኛ ቃላችንን እንስጥ።»

የፖሊሱ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያያል። ሁለቱም ፊታቸውን ከሰው አላዞሩም፤ እርስ በርስ ግን መተያየት አልቻሉም።