የቀኙ በር

«እጅሽን አታዙሪው» አላት አባቷ ለሦስተኛ ጊዜ። «ድስት እያጠብሽ አይደለም። ከፊት ወደ ኋላ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ።»

ፅጌ ብርጭቆ ወረቀቱን ከመኪናዋ ኮፈን ላይ አነሳች። ያሸችው ቦታ ላይ ክብ ክብ ጭረት ይታያል። በቀኙ በር ላይ ያጎነበሰችው የአክስቷ ልጅ ኢያኤል ግን አንድም ጊዜ አልተነገራትም። ያሸችው ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

«እስቲ እሷን ተመልከቻት» አለ አባቷ። «እጇ ውኃ ልክ ነው።»

አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል አለች ፅጌ በሆዷ።

መኪናዋ የጋሽ ባዬ ናት። ጋሽ ባዬ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ ስዕል አስተማሪ ናቸው። በደርግ ጊዜ አንድ የግሪክ ነጋዴ አገር ለቆ ሲወጣ ይህችን ባለ ሁለት ወንበር የጣልያን ስፖርት መኪና ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ፅጌ ቤት ግቢ እስክትመጣ ድረስ ሸራ ለብሳ ግቢያቸው ውስጥ ተኝታ ነበር። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት የሚባል አልነካትም፤ ቀዩ ቀለሟ ግን ተላልጦ አልቋል። ጋሽ ባዬ እንደገና ቀለም ቀቡልኝ አላሉም። ቀለሙ ሁሉ ተነሥቶ ላሜራው ራሱ እንዲያበራ ፈለጉ። ለሚሌኒየሙ፣ ማለትም ለመስከረም አንድ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ሀዋሳን ሊዞሩባት ነው።

የፅጌ አባት ማቴዎስ ባቲላሜራ ነው፤ የተጨራመተ መኪና በመዶሻ ያቃናል። በሌላ መኪና ላይ መዶሻው የሳተውን ስቱኮ ይሞላዋል፣ ቀለም ይሸፍነዋል። በዚህች ላይ ግን የሚሸፍን ነገር የለም። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ምሳውን እየረሳ፣ በትንሿ መዶሻ ኳ ኳ ሲያደርግ ከረመ። ማሸቱን ለሁለቱ ልጆች የሰጣቸው እሱ አቃንቶ ሲጨርስ ነው።

ጋሽ ባዬም አንድ ቃል ገብተዋል። በበዓሉ ቀን ሥራዋ ያማረላትን ልጅ ከጎናቸው ባለችው ወንበር ላይ አስቀምጠው ከተማውን ያዞሯታል። ወንበሯ አንዲት ብቻ ናት፤ መራጩም አባቷ ነው። ፅጌ የምትለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር መርጣ ጨርሳለች።

ኢያኤል ባትመጣ ኖሮ ይኼ ሁሉ ባላስጨነቃት ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን ሀዋሳ ልትማር ከአለታ ወንዶ የመጣችው በሐምሌ ነው። ከመጣች ጀምሮ ከፅጌ ጋር በአንድ አልጋ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ነው የምትተኛው። እሱስ ይሁን። ፅጌን የሚያንገበግባት ሌላ ነው፤ አባቷና ኢያኤል ሲሠሩ በሲዳምኛ ያወራሉ፣ ያወራሉና ይሥቃሉ። ከተማ ተወልዳ በአማርኛ ያደገችው ፅጌ የሚገባት ግማሹ ብቻ ነው። አባቷ ከእሷ ጋር እንደዚያ ሲሥቅ አታስታውስም።

ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ ምሳ ሊደርስ ሲል፣ አባቷ ብርጭቆ ወረቀት ሊገዛ ወጣ። ኢያኤል ከማጀት አመድ በጣሳ ይዛ መጣች። በውኃ አቡክታ የቀኙን በር ከላይ እስከ ታች ቀባችው።

«እኛ ቤት ድስት የምናበራው በዚህ ነው» አለች። «ትንሽ አሽቼ አጥበዋለሁ። ጥሩ ነው አይደል?»

በዚህ መሐል ዝናቡ መጣ። የፅጌ እናት ተዋበች ከቤት ውስጥ ለምሳ ተጣራች። ኢያኤል የጣራው ፍሳሽ በሩን እንዳይነካው ብላ ላስቲክ አለበሰችው፤ አመዱ ግን እንደተቀባ ነበር።

ፅጌ አመድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። አምና ትልቁን የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ውኃ ዘፍዝፋ ረስታው፣ ስትመለስ ጠቁሮ አገኘችው። እናቷ ግማሽ ቀን በሎሚ አሳሽታታለች። ቶሎ ታሽቶ ቶሎ ከታጠበ ምንም አይደለም፤ እርጥቡ ላዩ ላይ ከቆየ ግን ያጠቁረዋል። አሁን «እጠቢው» ማለት ይበቃ ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። «ውኃ ልኳ አንቺ ነሽ።»

ኢያኤል ሣቀች። «ሙድ አትያዢብኝ እንግዲህ» አለችና በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤት ሮጠች።

በምሳ ሰዓት ፅጌ ቀስ ብላ በላች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኢያኤል ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ወደ እሷ ገፋችላት። ፅጌ ቁራጩን በላችው። ዝምታ ወርቅ ነው እያለች ራሷን አጽናናች፤ የተናገረችው ውሸትም የለም፣ የነካችው ነገርም የለም።

ላስቲኩ ሲነሣና አመዱ ሲታጠብ በሩ ጠቁሯል፤ ቦታ ቦታው ላይ ግራጫ፣ ቦታ ቦታው ላይ ጥቁር። ኢያኤል በመዳፏ ብትፈትገው፣ በቀሚሷ ጫፍ ብትፈትገው አልለቅ አለ። የፅጌ አባት ተመልሶ ሲያየው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። በሩን አንድ ጊዜ በጣቱ ዳሰሰና እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ቀለም ይቀባል» አለ። «ለጋሽ ባዬ አልሆነም እላቸዋለሁ። አንቺ ወደ ማጀት ግቢ።»

ኢያኤል እያለቀሰች ገባች። ፅጌ ደስ አላት። መደበቅ አይቻልም፣ ደስ አላት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ አባቷ ዘጠኝ ቀን የደከመባትን መዶሻ አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ሲከታት አየችው። የሚቀባው ቀለም የኢያኤልን ጥፋት ብቻ አይሸፍንም፤ የእሱንም ሥራ ሁሉ ይሸፍናል።

ምንም ሳትናገር ወጥታ ባጃጅ ያዘች። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚበለቱት ሰዎች አጠገብ ሎሚ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ በያዘችው ብር ሁሉ ሎሚ ገዝታ ተመለሰች። አንዱን ለሁለት ከፍላ የበሩን ጠርዝ አሸችው። ጥቁሩ መሳሳት ጀመረ። ጭማቂው የተላጠ ጣቷን እያቃጠላት ሌላ ከፈለች፣ ሌላም። አባቷ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ፤ ቆይቶ እሱም ሎሚ አነሣ። ጥቁሩ ሲለቅ ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ሰጣት። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከፊት ወደ ኋላ። እጇ አልዞረም።

ሊመሽ ሲል በሩ እንደ ቀድሞው አበራ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ድስት» አለች ፅጌ።

አባቷ ሣቀ። ከኢያኤል ጋር እንደሚሥቀው፣ በሙሉ አፉ ሣቀ። «በቃ፣ በበዓሉ ቀን የቀኙ ወንበር ያንቺ ነው። ለጋሽ ባዬ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። ኢያኤል ዓይኗ ቀልቶ ማጀቱ በር ላይ ቆማለች። በሩን አየችው፣ ከዚያ ፅጌን።

«ጌታ ይባርክሽ፣ ፅጌ» አለች። «እኔ ጉድ ልሠራችሁ ነበር።» ድምፅዋ ውስጥ ምንም ቅናት አልነበረም። ፅጌ ፈልጋ አጣችው። ኢያኤል ተመልሳ ገባች።

ፅጌ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አባቷ ዕቃ እየሰበሰበ በፉጨት ያዜማል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«አመዱን ስትቀባው አይቻለሁ። እንደሚያጠቁረውም አውቅ ነበር። ጠየቀችኝ፤ አልነገርኳትም።»

ፉጨቱ ቆመ። አባቷ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠና ዓይኑን ወደ ማጀቱ በር አዞረ። ስለ ወንበሩ ፅጌ አልጠየቀችም።

ኮፈኑ ላይ የእሷ ክብ ክብ ጭረት እንዳለ ነው፤ ለነገ ብዙ ሥራ አለ። የተረፈውን ብርጭቆ ወረቀት ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች። ሌላውን ግማሽ ይዛ፣ መጀመሪያ ምን እንደምትል እያሰበች፣ ኢያኤል ወዳለችበት ወደ ማጀቱ ሄደች።