ሰባት ቁጥር የጠየቀው ስም

ሰው «መንፈስ ጠራኝ» ሲለኝ «ሽቦውን ፈትሸሃል?» ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ፣ ዛሬም ያው ነኝ፣ ያን የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ግን፣ እመኑኝ፣ በምን እንደማስረዳችሁ አላውቅም።

ኢንተርኔት ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን ቦሌ፣ ከሩዋንዳ ኤምባሲ ዝቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምር ነበር። የስልክ መስመራችን አንድ ብቻ ስለሆነ ከጸሐፊዋ ከእትዬ ዘይነባ ጋር በተራ ነው የምንጠቀመው፤ መስመሩ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ስለዚህ አንዴ የመጣን ገጽ አስቀምጦ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያድል ፕሮክሲ ሰርቨር አቁሜ ነበር።

የዚያን ቀን ተማሪዬ ሰሚራ የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻዋን ልትልክ ሦስት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች፣ ቀኑ የመጨረሻው ነው። ጠዋት መጥቶ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውን ቅጽ ከፍታ ሞልታ ጨርሳለች፣ ልትልከው ስትል ግን «ስሙ አልተገኘም» ይላታል።

«ሾላ ገበያ የሱቁን ስም ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ሰው ትጠይቂ የለ?» አልኳት። «የእኛም ማሽን የድረ ገጹን ስም ይዞ ቁጥሩን ሌላ ማሽን ይጠይቃል፣ ዛሬ የሚጠየቀው ዝም ብሏል።»

«ቲቸር በናትህ፣ ማብራሪያውን ከላክን በኋላ!»

እንደ ልማዴ እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ፈተሽኩ። በቁጥሩ የማውቀው አንድ ማሽን መለሰልኝ፣ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔው ነበር፤ የሚጠየቀው ማሽን ቁጥሩ ተቀይሮ እኔ አሮጌውን ቁጥር እንዳለ ትቼዋለሁ። አስተካከልኩት፣ ገና ሳልሞክረው እትዬ ዘይነባ ብቅ አሉ።

«መምህር፣ ስልኩን ለትንሽ ደቂቃ!»

አሥር ሰዓት ከሃያ፦ መስመሩን ከሞደሙ፣ ከስልክ መስመር ከሚያገናኘን ሳጥን፣ ነቅዬ ሰጠኋቸው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከወደ ጥግ «ዳዊት» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የሚያውቀኝ ዓይነት።

«አቤት!» አልኩ።

ሰሚራ ቀና አለች፤ «ማን ጠራህ?»

ጥጉ ላይ ያለው ሰባት ቁጥር ብቻ ነው፣ ከግንቦት ጀምሮ ተቃጥሎ ጨርቅ የለበሰ። ያኔ መስመሩ የተነቀለው ሞደም ያቺን የመደወያ ፉጨቱን አሰማ፣ የሰሚራ ስክሪን ላይም «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለች፣ ሁለት እጇን አንስታ።

ሰርቨሩ የሚመዘግበውን ከፈትኩ። ጠያቂ፦ ሰባት ቁጥር። ስሙ፦ ተገኝቷል።

እትዬ ዘይነባ ቢሮ ሮጥኩ፤ መስመሩ ስልካቸው ላይ ተሰክቶ ከእህታቸው ጋር ይሳሳቃሉ። ስነግራቸው ስልኩን ዘጉ።

«ስንቴ ጠራህ?»

«አንዴ።»

«በአንዴው አቤት አልክ? ማነው ያሳደገህ? እኛ ወሎ ያላየኸው ሲጠራህ ሦስተኛውን ጠብቅ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል ተብለን ነው ያደግነው።»

አሥር ሰዓት ከአርባ፦ መስመሩን መልሼ ሰካሁ። ደግመን እንላከው ብል ሰሚራ «ደርሷል ካለ ደርሷል፣ አትነካካው» ብላ እጄን ያዘችኝ። ክረምቱን ሙሉ ዕድሏን ያበላሸሁባት እየመሰለኝ ከረምኩ።

መስከረም ላይ ደብዳቤው መጣ፣ ተቀብለዋታል። ማመልከቻው የደረሰበት ሰዓትም ተጽፎበታል፣ ወደ እኛ ሰዓት ስመልሰው አሥር ተኩል።

ሰሚራ ሄዳ ተማረች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ክፍል ገብቼ «ፕሮክሲ አንዴ የተመለሰለትን አይጥልም፣ ያስቀምጠዋል» ብዬ ሳስረዳ ጠመኔው እጄ ላይ ይቆማል። ያ የጠራኝ፣ የእኔን «አቤት» የት እንዳስቀመጠው አላውቅም።