ኳስ የተከለከለበት ዓመት

በግብፅ የወደብ ከተማ በፖርት ሳይድ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የሚወስድ ልጅ ያለበት ቤት፣ በጽኑ የታመመ ሰው ካለበት ቤት ብዙም አይለይም። ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ እንግዳ ይቀራል፣ ጎረቤት እንኳ ደረጃ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሻዝሊም ደንቡን አላፈረሰም። መስከረም እንደገባ የልጁን የራግዳን የእጅ ኳስ ጫማና መለያ ከረጢት ውስጥ ከቶ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረው።

ራግዳ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ከኳስ ተለይታ አታውቅም።

"ባባ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ፍቀድልኝ። ካልተጫወትኩ ይጨንቀኛል" ብላ ለመነችው።

"ሐኪም ስትሆኚ ክለቡን ጠቅልለሽ ትገዢዋለሽ!" አለና ሳቀ።

እናቷ እንሽራህም "አንቺ ልጅ፣ አንዲት ነጥብ ዕድሜ ልክ ታስቆጫለች" አለቻት።

አሠልጣኟ ካፒቴን ሚርቫት ቤት ድረስ መጥታ ነበር። "ይህች ልጅ ጭንቀቷን የምታወጣው ሜዳ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል፣ አትዝጉባት" ብትል ሻዝሊ "አንቺ የምታስቢው ለዋንጫሽ ነው" ብሎ አሳፍሮ ሸኛት።

ሻዝሊ ክፉ አባት አይደለም። በስዊዝ ቦይ ላይ መርከብ ከሚያስሩት ጀልበኞች አንዱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ገመድ ሲጎትት መዳፉ ተልጧል። ልጁ እንደ እሱ እንዳትለፋ ብሎ ያደረገው ነው። ግን በፍቅር የተሠራ ጥፋትም ያው ጥፋት ነው።

የብርዱ ወራት ሲገባ ራግዳ ከሳች። ምግቧን ነካ አድርጋ ትተዋለች፣ እንቅልፍ አጣች፣ ጠጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ መጣ። እናቷ የሰው ዓይን በልቷት ነው ብላ ለማርከሻ የወረቀት አሻንጉሊት በመርፌ ወግታ አቃጠለችላት። ልጅቷን ግን "ምን ሆንሽ?" ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

በየካቲት መጨረሻ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ የፊዚክስ አስጠኚዋ ለሻዝሊ ደወለለት።

"የራግዳ አባት፣ ልጅቷ ምነው ጠፋች? ሦስት ሳምንት ሆናት እኮ።"

"ምን ትላለህ? በየቀኑ ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች!"

ስልኳ ዝግ ነው። ለእንሽራህ ደውሎ ሲነግራት "ወንድ ይዛ ነው! የሰው መሳቂያ ልታደርገን!" ብላ ጮኸች። ሻዝሊም ደሙ ፈላ። ዛሬ ላግኛት ብሎ ዛተ። ወደ አስጠኚው ቤት ሲገሰግስ ግን የራግዳ ጓደኛ መንገድ ላይ አገኘችውና እጇን እያፍተለተለች አስቆመችው።

"ትላንት ስታለቅስ ነበር። 'ደክሞኛል፣ ሁሉም ነገር ባበቃ' አለችኝ። ዛሬ ደግሞ ወደ ጀልባ መሻገሪያው ስትሄድ አይቻታለሁ።"

ቁጣው ሁሉ ባንዴ ጠፋ። ወደ መሻገሪያው ሮጠ። የቦዩ ውኃ ሰው ሲወስድ እንዴት እንደሚወስድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

መሻገሪያው ሲደርስ ጀልባዋ ከማዶ ከፖርት ፉአድ ተነሥታ መሐል ላይ ነበረች። ገመድ ተቀባዩን ሐጅ መትወሊን ክንዱን ያዘው።

"ልጄን አይተሃታል?"

"ጀልባዋ ላይኛው ፎቅ ላይ ናት። በየቀኑ ናት። ጀልባዋ ማዶ ስትደርስ አትወርድም፣ እዚህም አትወርድም። ልነግርህ ብዬ ነበር፤ አንተ ደግሞ 'ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው' እያልክ በየመንገዱ ስታወራ አፌን ያዝኩ።"

ሻዝሊ ቀና ሲል አያት። ብቻዋን ነበረች፣ ብረቱን ተደግፋ ቁልቁል ውኃውን ታያለች። ሊጠራት አፉን ከፈተና ብትደነግጥስ ብሎ ተወው። ሕይወቱን ሙሉ ያመላለሰችው ጀልባ እንደዚያን ቀን ቀርፋፋ ሆና አታውቅም። ገና ሳትታሰር ዘሎ ገባ።

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰው!" ብሎ ሐጅ መትወሊ ጮኸበት።

ራግዳ አባቷን ስታይ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። "ባባ፣ አትምታኝ።"

ሻዝሊ አጠገቧ ተቀመጠ። "አልመታሽም። ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?"

"መጽሐፍ ስከፍት ፊደሉ ይሮጥብኛል። ደረቴን ይይዘኛል። እዚህ ነፋሱ ሲመታኝ ትንሽ ይለቀኛል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መስከረም ላይ ነገርኩህ እኮ።"

እየፈራ ሌላ ጠየቃት። "ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል?"

ውኃውን እያየች "አንዳንዴ ተኝቼ በቀረሁ እላለሁ" አለች። ሻዝሊ እቅፉ ውስጥ አስገባትና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጀልባዋ ተሳፋሪ ሞልታ እንደገና ስትነሣ ሁለቱም እዚያው ነበሩ።

በነጋታው ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ ሕክምናዋን ጀመረችላትና ወደ ሜዳም እንድትመለስ አዘዘች። እንሽራህ "ፈተናው አራት ወር ሲቀረው? ሰው ምን ይላል?" ብትል "ሰው የፈለገውን ይበል፤ እኔ ልጄን እፈልጋለሁ" አላት። ካፒቴን ሚርቫትንም ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። የመጀመሪያው ቀን ራግዳ አምስት ደቂቃ ሮጣ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አሠልጣኟ ተነሺ አላለቻትም፤ አጠገቧ ተቀመጠች። በአራተኛው ሳምንት ጎል አግብታ ስትጮህ ግድግዳው ጥግ ቆሞ የነበረው ሻዝሊ ሰምቷታል። ያን ዕለት ማታ ሁለት ሳህን ሩዝ በልታ ተኛች።

የፈተናው ውጤት ሰማንያ አንድ ከመቶ ሆነ። ለሕክምና ትምህርት አይበቃም። የእንሽራህ ወንድም ደውሎ "አላልኩህም? ኳሱ ነው ጉድ የሠራት!" አለ።

"ጉድ ልትሆን የነበረው በየካቲት ነው" አለ ሻዝሊ፤ "ያኔ ነጥቧን የጠየቀኝ የለም። አሁንም አትጠይቀኝ።"

ወላጆች ሆይ፣ ነጥብ ዘንድሮ ቢቀር ለከርሞ ተፈትነው ያገኙታል። ልጃችሁ ኳስ ይሁን ሥዕል ይሁን ሙዚቃ ሐሳቡን የሚያቀልለትን ነገር በፈተና ስም አትንጠቁት። ዛሬም ቤት ስትገቡ ስንት ገጽ እንዳነበበ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት እንደዋለ ጠይቁት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ታገሡት።