የታችኛው ጉድጓድ ውሃ

ይርገዱ ጠዋት ከአማተበች በኋላ መጀመሪያ የምታየው እጇን ነበር። አዋላጅ ናት። በሰንበሌጥ ሜዳ ከሽማግሌዎቹ በስተቀር ያለው ሰው ሁሉ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የነካው የእሷን መዳፍ ነው። ጥፍሯን ትመረምራለች፣ ጣቶቿን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ከዚያ በለጋ ቅቤ ታሻቸዋለች። የሚስቅባት ሲኖር «ገበሬ ማረሻውን ያያል፣ እኔ እጄን አያለሁ፤ ምን ያስቃል?» ትላለች።

በዚህ ክረምት ደግሞ እጇ ከወትሮው ይልቅ ደስ አሰኝቷታል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራት የነበረው ቁርጥማት ከጣቶቿም ከጉልበቷም ለቋት ሄዷል። እንደ ጭራሮ ይንቋቁ የነበሩት አንጓዎቿ ዝም አሉ፤ ጣቷን ወደ ኋላ ብትስበው ሳያማት ይሄድላታል። አብራት ያደገችው ጎረቤቷ ጥላነሽ፣ ምላሷ አርፎ የማያውቅ ሴት፣ «አንቺ! ወደ ልጃገረድነት ልትመለሺ ነው እንዴ? ባል እንፈልግልሽ?» ብላ ቀለደችባት።

«ማርያም ናት» አለች ይርገዱ እየሳቀች። «ልጄ ልትወልድ ነውና እጄን አደሰችልኝ።»

ያለችውን ከልቧ ታምንበት ነበር። ከወለደቻቸው ልጆች የተረፈችላት ደብሪቱ ብቻ ናት፤ ደብሪቱም ስንት ዓመት ተስላ፣ ስንት ደጅ ጠንታ ያረገዘችው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና ባሏ ልየው አምጥቶ ለአማቱ አስረከባት። ይርገዱ ስንቱን የሰው ልጅ ተቀብላለች፤ የገዛ ልጇን ልጅ ግን ገና አልተቀበለችም። ያን ከተቀበለች በኋላ ብትሞትም አይቆጫትም ነበር።

አንድ ነገር መጉደሉን መጀመሪያ የነገራት ጆሮዋ ነው። በሌላው ክረምት ዳለቻ ወንዝ ሲሞላ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሰው አያስተኛም ነበር፤ ቄሱ እንኳ ማታ ማታ ጸሎታቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያደርሱት። ዘንድሮ ሐምሌ ገብቶ አንዲት እንቁራሪት አልተሰማችም። የሚሰማው የውሃው መንሿሿትና ከወንዙ ራስጌ የተተከለው፣ አሮጌ ባትሪ እየሰባበረ እርሳስ የሚያቀልጠው ፋብሪካ የሚያሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ነፋሱ ከዚያ ወደዚህ ሲዞር የዛገ ምስማር የጠባ ሰው አፍ ውስጥ የሚቀረውን የመሰለ ሽታ ይዞ ይመጣል። የዳሩ ሣር ወንዙን ተከትሎ፣ በክረምት ጭቃ መካከል፣ ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

ታዲያ ይህን አይቶ የተጨነቀ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም መንደሩ ተደስቷል። በሰንበሌጥ ሜዳ ውሃ የሚመዘነው በአልቅት ነው። አልቅት ያለበት ውሃ ክፉ ነው፣ ከብት ይጨርሳል፤ አልቅት የሌለበት ውሃ ንጹሕ ነው። አባት ለልጁ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ከወንዙ ዳር ያለው የታችኛው ጉድጓድ ድሮ በአልቅትና በአረንጓዴ ዝቃጭ የተሞላ ነበር፤ አሁን ግን እስከ ወለሉ ጠጠሩ ይታያል፤ አንዲት ትል እንኳ የለችበትም። ድስቱን ብቻውን ያነጣዋል። የተነከረበት ነጠላ ያለ ሳሙና ይነጻል። ሲጠጡት በስተመጨረሻ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ እሱንም ለመዱት፤ ወደዱትም።

ከዚያ የጥላነሽ ዶሮዎች ቅርፊት የሌለው እንቁላል መጣል ጀመሩ፤ ሲይዙት እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ በስስ ቆዳ ብቻ የተጠቀለለ። ጥላነሽ «መስበር ቀረልኝ» ብላ ሳቀች። ይርገዱም ሳቀች፤ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ በአጥሩ ሥር ቀንድ አውጣዎች አየች። ጎጇቸው እንደ ራሰ ወረቀት ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። አንዷን በጣቷ ነካ አደረገቻት፤ ጎጆዋ ጎደጎደ፤ ጎድጉዶም ቀረ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ገባች።

የጥላነሽ ፍየል ምጥ የያዛት በዚያው ሰሞን ነው። ይርገዱ ለፍየል ብትጠራም አትኮራም፤ ሄደች። ግልገሉ ያለ ምንም ችግር ሸርተት ብሎ ወጣ። እንዲህ ቀላል ወሊድ አይታ አታውቅም። ግልገሉ ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ገልጧል፣ ድምፁም ደህና ነው። አንስታ በእግሩ ልታቆመው ስትል አራቱም እግሮቹ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ታጠፉ። ግልገሉ አልጮኸም። ያመመውም አይመስልም፤ በሆዱ ተዘርግቶ ዝም ብሎ ያያታል።

«በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ?» አለች ጥላነሽ።

«ፍየሏ የት ነው የምትጠጣው?»

«የት ትጠጣ ብለሽ ነው? ከጉድጓዱ ነዋ!»

ይርገዱ ወደ ቤቷ ሮጠች። ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በጣሳ ውሃ ትጠጣለች። እናቷ ጣሳውን ከአፏ ነጥቃ ደፋችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከታችኛው ጉድጓድ ጠብታ እንዳትቀምሺ!»

«እንዴ እማዬ! ታዲያ ምን ልጠጣ?»

«ከላይ ከሾላው ምንጭ አመጣልሻለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ያንኑ ነዋ! ሌላ ምን እጠጣለሁ?»

ይህ ውሸት ነበር። የሾላው ምንጭ ከፋብሪካው በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ የሚንጠባጠብ ነገር ነው፤ አንዲት ጀሪካን እስክትሞላ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያቺ ጀሪካን ለአንዲት እርጉዝ መጠጥና ምግብ ብትበቃ ነው። ይርገዱ ግን ዕድሜዋን በልታለች፤ አሮጊትን ውሃ ምን ያደርጋታል? ልጇ ሳታያት ከታችኛው ጉድጓድ ትቀዳለች፣ ትጠጣለች፣ እጇንም በዚያው ትታጠባለች።

ለመንደሩ ሰው ተናገረች። «አልቅት እንኳ የለውም እኮ!» አሏት። ለልየው ነገረችው፤ እሱ ፋብሪካው ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነው። «እማማ፣ አጣርተው ነው የሚለቁት ብለውናል» አለና ወደ ጫማው አቀረቀረ። የቦቲ ጫማው ሶል ከሥሩ ተበልቶ እንደ ወንፊት ሆኗል። ሁለቱም አዩት።

ስለዚህ ተራራውን ብቻዋን መውጣት ያዘች። ጉልበቷ አልደከመም፤ ቁርጥማቱም አልተመለሰም። የጀሪካኑ ገመድ ትከሻዋ ላይ የሠራው ጎድጓዳ መሥመር ግን ብታሸው ብትቀባው አልሞላ አለ። ድሮ ጎንበስ ብላ ትገባበት የነበረውን የበሯን ጉበን አሁን ቀና ብላ ታልፈዋለች። ቆሎ ስትቆረጥም ጥርሷ ወደ ጎን ሸሸት ይላል፤ ስለዚህ ቆሎ ተወች። ለዚህ ሁሉ ጊዜ አልነበራትም። ሐሳቧ ያለው ደብሪቱ ጣሳው ከመነጠቁ በፊት በጠጣችው ውሃ ላይ ነው።

በየማታው የልጇን ሆድ በቅቤ እያሸች የሕፃኑን ጭንቅላት በጣቷ ትፈልገዋለች። ታገኘዋለች፤ ጫን ታደርገዋለች፤ የሆነ ነገር ይለሰልስና ይሸሻል። እንደገና ጫን ስታደርግ ያው ነው፤ የሆነ ነገር እሺ ብሎ ይጎብጣል።

«ደህና ነው እማዬ?»

«ደህና ነው የኔ ልጅ። ደህና ነው» ትላለች፤ ከዚያ ደጅ ወጥታ ታለቅሳለች።

ምጡ የመጣው ከቀኑ ቀድሞ፣ ሰማይ በቀትር እንደ ምሽት በጨለመበት ዕለት ነው። ልየው አምቡላንስ ጠርቶ ነበር፤ ዳለቻ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው መኪናው ከወዲያ ማዶ ቆሞ ቀረ። ልየውም ወንዙ ዳር ቆሞ ይጮሃል። ጥላነሽ ኩራዝ ለኮሰች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቤቱ ውስጥ መደማመጥ አልተቻለም፤ በግድግዳው ስንጥቅ ያ የምስማር ሽታ እየገባ ከቅቤው ሽታ ጋር ተደባለቀ።

ምጡ ከባድ ነበር። ደብሪቱ ምሰሶውን አንቃ ትጮሃለች፤ በጮኸች ቁጥር የእናቷ ልብ ይረጋል። የፍየሏ ወሊድ ያለ ጭንቅ ነበረና። «ጩሂ የኔ እናት፣ ጩሂ! ያስጨነቀሽ አጥንት ነው፤ ተመስገን!» ትላለች ይርገዱ። ጥላነሽ፣ አበደች እንዴ ብላ አየቻት። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ይርገዱ መዳፏን ደገነች፤ ጭንቅላቱ ሲገፋት ያ የምታውቀው ነገር እንደገና ተሰማት፤ የሆነ ነገር መዳፏ ውስጥ ለሰለሰ፣ ወደ ጎን ሄደ። ዓይኗን ጨፈነች። «እመቤቴ፣ እኔን ውሰጂኝና እሱን ተይልኝ» አለች።

ከዚያ ሕፃኑ ሙሉ ለሙሉ ወጣና እሪ አለ።

ሴት ናት። ይርገዱ በሁለት ክንዷ አቅፋ ወደ ኩራዙ አቀረበቻት፤ ለማየት ድፍረት አጥታ ቆየች። ከዚያ የሕፃኗን እግር ዘረጋች። ቀጥ ያለ ነው። ክንዷን ያዘች። ጠንካራ ነው። እግሯን መደቡ ላይ አስነካቻት፤ ሕፃኗ መደቡን ገፍታ ልትቆም ተፍጨረጨረች። የይርገዱ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? ደህና ናት?»

«ደህና ናት! እግሯ ወይራ ነው ልጄ፣ ወይራ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

ጥላነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ይርገዱ አራሷን ሕፃን እንደ ወጉ ልታስልስ ከለጋው ቅቤ በሌባ ጣቷ ጠቀስ አድርጋ ወደ ትንሿ አፍ አቀረበች። ሕፃኗ ቅቤውን ሳትቀምስ ጣቱን በመዳፏ ጨበጠችው፤ አቤት አጨባበጥ! አያትዬው እያለቀሰች ሳቀች፤ «ኧረ ጉልበት! እስቲ ልቀቂኝ» አለች።

ሕፃኗ አልለቀቀችም፤ ጎተተች እንጂ፤ የይርገዱም ጣት፣ ያለ ድምፅ፣ ምንም ሳያማት፣ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ታጠፈ።