የሐጃ ዙሌካን ዓሦች ማን በላ?

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። ወይ ደግሞ ንገሪ፣ ምን ቸገረኝ!

ጠዋት ነው። ፋናዬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሐጃ ዙሌካ ቤት በሠራተኝነት ከገባች ሰባት ወሯ ነው። ሳሎኑን ልትወለውል ስትገባ የጌጥ ዓሦቹ የሚኖሩበት የጨው ውኃ መስታወት ገንዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ቢጫው ዓሣ የለም። አሸዋው ላይ ክንፉ ብቻ ቀርቷል።

በአንድ ወር ሲጠፋ አራተኛው ዓሣ ነው። የመጨረሻውም እሱ ነበር።

ደግሞ እኮ ትወደው ነበር! በዚያ ቤት አማርኛ የምታወራው ከሱ ጋር ብቻ ነው። «እንዴት አደርክ?» ስትለው መስታወቱ ድረስ ይመጣላታል።

ሐጃ መጡ።

«የት ገባ?»

«አላውቅም ሐጃ።»

«ድመቷ በላችው እንዳትዪ። ክዳኑ ዝግ ነው።»

«አላልኩም።»

«እናንተ ሐበሾች አሁን ጾም ላይ ናችሁ አይደል?»

«አዎ።»

«ሥጋ አትበሉም፣ ወተት አትጠጡም። ዓሣ ግን ትበላላችሁ። ወላሂ ሰምቻለሁ!»

ፋናዬ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመ። «እኛ ቤት ዓሣም ፍስክ ነው፣ ሐጃ። በጾም በላች ቢባል እናቴ ከመቃብሯ ትነሳብኛለች።»

«እስከ ዐሥር ሰዓት እውነቱን ተናገሪ። አለዚያ ጓዝሽን ይዘሽ ወደ ገላባት!»

ገላባትን ተሻግራ መተማ ብትገባስ ማን ይጠብቃታል? ማንም።

አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማሽላ ሲያጭዱ «አይጧን አትፈልጊ፣ ደጃፏ ላይ ገለባ ፈልጊ» ይላት ነበር። ገንዳው ሥር ቁጢጥ አለች። የአሮጌዎቹ ድንጋዮች ቀዳዳ ሁሉ ንጹሕ ነው። ባለፈው ወር ሐጃ ከፖርት ሱዳን ያስመጡት የኮራል ድንጋይ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለ፤ ደጃፉ ላይ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ በመዶሻ የተመታ ይመስል ድቅቅ ብሎ።

ከዓሦቹ ምግብ ቁራሽ በክር አስራ ወደ ቀዳዳው አወረደች።

ቷ! ከውስጥ አንድ ነገር ተወርውሮ ቁራሹን መታው።

እናቴ ድረሽ! በዘንግ ላይ የተተከሉ ሁለት ዓይኖች፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የሚያይ። አረንጓዴና ቀይ ገላ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጥፎ ቆሟል፣ የሚጸልይ ነው የሚመስለው።

ፎቶ አንስታ ለፅናት ላከችላት። ፅናት ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ወጥታ ፖርት ሱዳን ዓሣ ገበያ የምትሠራ ጓደኛዋ ናት። ወዲያው በድምፅ መለሰች፦ «አንቺ! እጅሽን እንዳታስገቢ! ጀምበሪ፣ ያ ሽሪምፕ የሚሉት፣ ይመስላል እንጂ ቦክሰኛ ነው፤ በቡጢው የአጥማጆቹን ጣት ይሰነጥቃል። ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመጣው።»

ፋናዬ ሐጃን ጠርታ ቁራሹን እንደገና አወረደች። ቷ! ሐጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እኔው ነኛ በገንዘቤ ያስገባሁት!»

«ርቦት ነው፣ ሐጃ። መኖሩን ያወቀ የለም፤ ምግብ የሰጠውም የለም።»

ሐጃ ይቅርታ አላሉም። «በይ ሻይሽን ጠጪ» ብቻ አሉ።

ሌባው የጨው ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ገባ። ፋናዬ አጠገቡ ተቀምጣ ለፅናት ጻፈች፦ «ተያዘ። ቀረሁልሽ። ግን ቢጫው የለም፤ ከማን ጋር ላውራ?»

የፅናት መልስ ቃል በቃል ይኸውልሽ፦

«ከሌባው ጋር አውሪያ። እሱንስ ከቤቱ ሲያመጡት ማን ጠየቀው?»