ለእሱ ሲሉ የተጠሙት

ውቢት በጥላ የአረጋውያን መጦሪያ በር ላይ ገና ስሟን ሳትናገር ተወቀሰች።

«አሁን ነው የሚመጣው?» አላት በሩን የከፈተው ሰው። ረጅም ነው። የነጭ ጋዋኑን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ ምላጭ ይዟል፤ የአንድ ሽማግሌ ጢም እየላጨ ከመሃል ተነስቶ ነው የመጣው። «እናትሽ ከፋሲካ ጀምሮ በር በር ሲያዩ ከረሙ። ስልክሽ እንኳ አይነሳም። ግቢ፣ ግን እንዳታለቅሺባቸው፤ ደም ግፊታቸው ይነሳል።»

ውቢት ከሰመራ እስከ አዋሽ በሚኒባስ ስትጋገር የመጣች ናት። የልብሷ ጀርባ ከላቧ ጋር ተጣብቋል። ቢሆንም አልተቆጣችም።

«ተሳስተዋል መሰለኝ። እኔ የአረጋውያን እንክብካቤ ገምጋሚ ነኝ» አለችው።

ሰውየው እሷን አየ፤ ምላጩን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእማማ ጥሩሰው ልጅ መስለውኝ ነው።»

«ለልጅቷም እንዲህ ነው የሚሏት?»

«ለልጅቷ ከዚህ የባሰ አዘጋጅቼ ነበር።»

ውቢት ሳቀች። እሱም ሳቀና አስገባት። ሸዋንግዛው ይባላል፤ ነርስና የመጦሪያው ኃላፊ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ዶክተር ነው የሚሉት፤ ብዙ ጊዜ አርሟቸው ሲያቅተው ትቶታል።

ውቢት ሥራዋን ከቢሮ አትጀምርም። የተኛን ሰው ተረከዝና ዳሌ ታያለች፤ አንሶላ ታሸታለች፤ ጥፍር ትመለከታለች። ከዚያ አንድ ጥግ ተቀምጣ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ታያለች። ጥላ ቤት ውስጥ የአልጋ ቁስል ያለበት ሰው አልነበረም። አንሶላው የፀሐይ ሽታ ነበረው። ሸዋንግዛው ቀን የሚሠራው አልበቃ ብሎት፣ የማታ ተረኛ ስለጠፋ፣ ሌሊቱንም እዚያው በጓዳው በኩል ባለች ክፍል ያድራል። ማንም ከተጣራ የሚነሳው እሱ ነው።

ከሁሉም ቀድሞ የለመዳት አባባ ከድሩ ነው። ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ወሎዬ ነው። ሚሌ ላይ መኪና ተሰልፎ እንደሆነ፣ ሎጊያ ላይ አዲስ ጋራዥ ተከፍቶ እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ በሁሉም ፊት፣

«ልጄ፣ ባል አለሽ?» አላት።

«የለኝም፣ አባባ።»

«ዶክተርም ሚስት የለውም። ወላሂ፣ ይሄንን ጻፊልን፤ ጉድለት ነው።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ሸዋንግዛው የሚጠቀልለውን ፋሻ ትቶ ወደ ጓዳ ገባ። ውቢት አንገቷን ደፍታ የምትጽፍ መሰለች፤ ብዕሯ ግን ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አብረው ተቀመጡ። እርስዎ መባባሉን ተዉት። አባቱ መልካ ወረር የጥጥ እርሻ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው በጎረቤት እየተጦሩ እንደሞቱ፣ እሱ ያኔ ተማሪ እንደነበረ ነገራት። እሷም ታጭታ እንደነበር፣ እጮኛዋ ሥራዋን «የሰው ነውር መልቀም» እያለ ሲያናንቅባት ቀለበቱን እንደመለሰችለት ነገረችው። ሸዋንግዛው ነውር ብቻ ከለቀመች ለምን አንሶላውን ስታሸት ፈገግ እንዳለች ጠየቃት። አይቷታል ማለት ነው። ውቢት ደስ አላት።

አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ሸዋንግዛው በየሰዓቱ የእያንዳንዱን አረጋዊ የውሃ ማሰሮ ራሱ ይሞላል። ሲመሽ ሁሉም ባዶ ነው፤ በዚህም ይኮራል። የእማማ ጥሩሰው ከንፈር ግን ተሰነጣጥቋል። የአባባ ከድሩ ምላስ ደርቋል። የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቶሎ አይመለስም። ውሃ አጥሯቸዋል፤ በአዋሽ ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሸዋንግዛው የአንዱን ቁስል ሊያጥብ ገባ። ውቢት በመስኮቱ አየች። እማማ ጥሩሰው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ ግራ ቀኝ አዩና ውሃቸውን ኒሙ ሥር ደፉ። ሌላዋ አሮጊት ተከተለቻቸው። አባባ ከድሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅላቸዋል፤ ውቢትን ሲያያት ሳል አስመሰለ።

ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ለምን?»

እማማ ጥሩሰው እንደ ሕፃን አፈሩ። «ውሃው ማታ ለሽንት ያስነሳናላ፣ ልጄ። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፤ ያለ ዶክተር ድጋፍ አንደርስም። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውል። ትንሽ ይተኛ ብለን ነው።»

«ለምን አትነግሩትም?»

«ብንነግረው ይተኛል?»

አባባ ከድሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አደራ፣ እንዳትነግሪው። እኔ ጥም የለመድኩ ሾፌር ነኝ። እሱ ግን ልቡ ይሰበራል።»

ውቢት ነገረችው። ከመጻፏ በፊት ለእሱ መንገር እንዳለባት አመነች፤ አደራውንም እያወቀች አፈረሰች። ሸዋንግዛው መጀመሪያ አላመናትም። ሄዶ የኒሙን ሥር በእጁ ነካ፤ አፈሩ ርጥብ ነበር። ከዚያ ቀና አለ።

«ትጽፊዋለሽ?»

«እጽፈዋለሁ።»

«ፈቃዳችን ሊሰረዝ ይችላል። ቤቱ ከተዘጋ እነዚህ ሰዎች የት ይሄዳሉ?»

«የጤና ባለሙያ ነህ። በዚህ ሙቀት ውሃ የማይጠጣ ሽማግሌ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ።»

ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ደግሞ… አንቺን…» አለና ተወው።

«እኔን ምን?»

«ምንም። መልካም መንገድ።»

ውቢት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሚኒባሱ ሚሌ ላይ ለእራት ሲቆም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ሰመራ ደርሳ ግን ያየችውን ሁሉ ጻፈች፤ ፍቅሩንም ጥሙንም። ውሳኔው መጣ፦ መጦሪያው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስተካከለ ይዘጋል።

ሸዋንግዛው አንድ ጠዋት አረጋውያኑን ሁሉ ሰበሰባቸው። ሊቆጣቸው አስቦ ነበር፤ የእማማ ጥሩሰውን ከንፈር ሲያይ ቁጣው ጠፋ።

«እናንተ ከሞታችሁ እንቅልፉ ምን ያደርግልኛል?» አላቸው። «ከእንግዲህ የቸገራችሁን ንገሩኝ። እኔም የቸገረኝን ለሰው እናገራለሁ።»

ተናገረም። የአባባ ከድሩ ወዳጆች ከጋራዥ መጥተው ከመኝታ ክፍሉ እስከ አዲሱ ሽንት ቤት የብረት መደገፊያ በየዱ። አዲሱ ሽንት ቤት ራሱ ከመኝታው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተሠራ። አዲስአለም የምትባል ጠንካራ ሴት የማታ ተረኛ ሆና ተቀጠረች። ማሰሮዎቹ አሁንም ማታ ባዶ ናቸው፤ ከንፈሮቹ ግን ርሰዋል።

የድጋሚ ግምገማው ቀን ሸዋንግዛው በጠዋት ተላጨ፤ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ቀየረ። አባባ ከድሩ ሲታዘበው ቆየና የመጀመሪያው ሸሚዝ ይሻላል አለው። በሩ ሲንኳኳ ሸዋንግዛው ሮጦ ከፈተ። የቆመው ግን ከማሉዲን የሚባል ሌላ ገምጋሚ፣ ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነበር።

ከማሉዲን አልጋ አልጋውን ዞረ፤ ውሃ አብሯቸው ጠጣ፤ ቤቱ ማለፉን እዚያው ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ሸዋንግዛው እስከ በር ሸኘውና ስለ ውቢት ጠየቀ።

«ታማ ነው?»

«ደህና ናት። ራሷ ናት ወደ ጥላ አልሄድም ያለችው» አለ ከማሉዲን።

ሸዋንግዛው ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ተቀይማኛለች፣ ሐቅም አላት ብሎ ለአባባ ከድሩ ነገረው።

«ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ?»

«ስማ፣ ዶክተር። መኪና እምቢ ሲልህ ወርደህ ኮፈኑን ትከፍታለህ እንጂ መንገድ ዳር ቆመህ አትተክዝም። ነገ የእኔ የድሮ ረዳት ወደ ጅቡቲ ይጭናል። ሰመራ ያወርድሃል።»

ረዳቱ አሁን ራሱ ሾፌር ሆኗል። መንገዱን ሙሉ ስለ ጎማ ዋጋ አወራ፤ ሸዋንግዛው ግን አንዱንም አልሰማም። ሰመራ ሲደርስ ትኩስ ነፋስ አቧራ ያነሳ ነበር። ውቢት ከቢሮዋ ወጥታ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። አልደነገጠችም፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ እሱ መጣች።

«ፈቃዱ ታደሰልን» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«ያን ቀን ልክ ነበርሽ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። እና ደግሞ… ለምን አልመጣሽም? ተቀይመሽኝ ነው?»

«ደንባችን ይከለክላል» አለች። «ገምጋሚ ዘመዱ ያለበትን ቤት አይገመግምም።»

ሸዋንግዛው ግራ ገባው። «እኛ ጋ ዘመድ አለሽ? ማን?»

«የለኝም። እንዲኖረኝ ግን አስቤያለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ለአለቃዬ ተናገርኩ።»

ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው አንድ እርምጃ ቀረባት። «ለእኔ ሳትነግሪ ለአለቃሽ ነገርሽ?»

«ለአንተ ቀድሜ ብነግርህ ፈቃዱን በፍቅር አገኘው ይሉህ ነበር። ከማሉዲን ጨረሰ፤ አሁን ነፃ ነኝ። ዛሬ ባትመጣ እሁድ እኔው እመጣ ነበር።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፏ ሳሳ። «ያን ቀን ‹አንቺን› ብለህ የተውከውን ጨርሰው።»

«እወድሻለሁ። ስትጽፊብኝም እወድሽ ነበር» አላት።

በጥር ተጋቡ። ውቢት ወደ አዋሽ ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ ጥላን ግን እስከ ዛሬ የሚገመግመው ከማሉዲን ነው። ባለፈው ወር መጥቶ አንድ ጉድለት አገኘ፤ ደም ግፊት ላለባቸው ያለ ጨው ለብቻ አይሠራም፣ ወጡ ከአንድ ድስት ነው የሚወጣው። ከማሉዲን ግን ጓዳ እንኳ አልገባም ነበርና ሸዋንግዛው ማን እንደነገረው ጠየቀው።

«ሚስትህ» አለው ከማሉዲን።

ማታ ቤቱ ሲገባ ውቢት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«ጻፈው?»

«ጻፈው።»

«ተቆጣህ?»

ሸዋንግዛው ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ ግንባሯን ሳማት።

«ከነገ ጀምሮ ሁለት ድስት ነው» አላት።